ጆሮ ውስጥ የበቀለ ሎሚ

ጋሽ ዘለቀ ሞተ ብለው ከሐርጌሳ ሲደውሉልኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «እስቲ ሄዳችሁ ደግማችሁ እዩት» የሚል ነበር። የደወለልኝ ድሮ አብሮት ልስን ይሠራ የነበረው ታደሰ ነው። ያበድኩ መስሎት ይሆናል። «ፋናዬ፣ ትናንት እኮ ቀበርነው» አለኝ ቀስ ብሎ። እሱንም ሲለኝ ወዲያው አላመንኩም። ጋሽ ዘለቀ ሁልጊዜ እጅጌው ውስጥ አንድ የተረፈ ነገር ያለው ሰው ነበር። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩና መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ቅደም ተከተሉን ይቅር ይበለኝ እንጂ እሱን ያወቀ ሰው ሌላ ዓይነት ለቅሶ አይችልም።

እንግዲህ ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ዘለቀ ምትሃተኛ ነበር። ምትሃተኛ ስላችሁ ክታብ የሚጽፍ፣ መተት የሚያደርግ እንዳይመስላችሁ፤ ይህን ለሰው ለማስረዳት ብዙ አበሳ አይተናል። ከባርኔጣ መሐረብ የሚያወጣ፣ የተቆረጠ ገመድ የሚቀጥል፣ ከሕፃን ጆሮ ሎሚ የሚለቅም፣ በመሃሉ ደግሞ በገዛ ጫማው ተጠልፎ እየወደቀ ሰው የሚያስቅ ቀልደኛ ነበር። ሙያውን የተማረው በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ክፍለ ጦር የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ዘፋኙ ልብስ እስኪቀይር ወታደሩ እንዳይሰለች መድረኩን የሚሞላው እሱ ነበር። ጦሩ ሲበተን ሰማያዊውን የባንድ ኮቱን እንደለበሰ ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ገባ። ከተማዋ ከቀደመው ጦርነት የተረፈ ጣሪያ ያላት አትመስልም ነበር፤ ግድግዳ የሚለስን ሰው ግን አጥብቃ ትፈልግ ነበር። ስለዚህ እንጀራው ልስን ሆነ፤ ምትሃቱ የትርፍ ጊዜ።

የሐርጌሳ ሰው ሰውን በደረቅ ስሙ መጥራት አይሆንለትም። ረጅም ከሆንክ ረጅሙ፣ ካነከስክ አንካሳው ይልሃል፤ ለስድብ ሳይሆን ለመለየት። ጋሽ ዘለቀን በገባ በሳምንቱ «ሳንወይኔ» አሉት፤ ባለ ትልቅ አፍንጫው ማለት ነው። እኔ ስሰማ ደሜ ፈላ፤ «እንዴት ትልቅ ሰውን እንዲህ ይላሉ!» ብዬ ልጣላ ተነሳሁ። እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ሊሞት። «ዝም በይ አንቺ! ዕድሜ ልኬን የመድረክ ስም ስፈልግ አጥቼ እነሱ በአንድ ጠዋት አገኙልኝ» አለኝ። መቼም እውነት ለመናገር፣ ሌሎች ክላውኖች ቀይ ኳስ ለጥፈው የሚያገኙትን አፍንጫ እሱ ከእናቱ ይዞት ነው የመጣው።

እኔም መጀመሪያ አንቱ ስለው አኮረፈኝ። «ቀልደኛን አንቱ ካሉት ማን ይስቅለታል?» አለ። ከዚያ ወዲህ አንተ ነበር የምለው፤ አሁንም እንደዚያው እላለሁ።

አሁን እውነቱን ልናገርና ነፍሱ ትቆጣኝ፦ ጋሽ ዘለቀ ጎበዝ ምትሃተኛ አልነበረም። እጁ የሲሚንቶ እጅ ነው፣ ሻካራ፤ የያዘው ነገር ያመልጠዋል። ኮቱ ውስጥ ሰባት የምስጢር ኪሶች ነበሩት። ለእያንዳንዱ ማዕረግ ሰጥቶታል፤ ሻምበል፣ ሻለቃ እያለ ይወጣል። ከሁሉ የማይታመነው ትልቁ፣ ኮሎኔሉ ነበር። «ኮሎኔሉ ዛሬም ከዳኝ» ካለ አንድ ነገር መሬት ወድቋል ማለት ነው። እሱ ጎበዝ የነበረው ስህተት ላይ ነው። ስህተት አጋጥሞት ደንግጦ ያየው ሰው የለም። «ስህተት ስም ስለሌለው ነው የሚያሳፍረው» ይለኝ ነበር፤ «ቶሎ ስም አውጪለት፣ ትርኢት ይሆናል።»

ለምሳሌ አንድ ጊዜ በሰው ባርኔጣ ውስጥ እንቁላል ሰበረ። ከሥሩ ድብቅ ኪስ ያለው የራሱ ባርኔጣ መስሎት ነው። ከዚያ በኩራት ጭንቅላቱ ላይ ደፋው። አስኳሉ በግንባሩ፣ በዚያ በተባረከ አፍንጫው ላይ ሲወርድ እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። እሱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ከሻለቃው ኪስ ቁራሽ ዳቦ አወጣና አገጩን እየጠረገ በላ። «ቁርስ!» አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ባርኔጣው ብቻ አልሳቀም።

ደግሞ ገበያው ዳር አንድ ቀን «ማንም ቢያስረኝ እፈታለሁ» ብሎ ፎከረ። ከገጠር የመጣ ግመል ነጋዴ በገዛ ገመዱ፣ ግመል እንደሚያስር አድርጎ አሰረው። ወይ መፈታት! ቢፈራገጥ፣ ቢንፈራገጥ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ምን እንደሚል ስጠብቅ «ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስከ መቶ ቁጠሩ!» ብሎ አዘዘ። እኔ የሽንኩርት ቢላዬን ይዤ በጉልበቴ እየዳህኩ ከኋላው ገባሁ። ስድሳ ላይ ነጋዴው አንድ ዓይኑን ገለጠና «ገመዴን!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ዘለቀ ሁለቱን ቁራጭ ከፍ አድርጎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ነስቶ፣ «አንድ ሰጠኸኝ፣ እነሆ ሁለት!» አይለው መሰላችሁ? ነጋዴው ሊመታው መጥቶ እየሳቀ ተመለሰ።

እኔ እንግዲህ እንዲህ በግድ ረዳትና አስተርጓሚ ሆንኩ። ሥራዬ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ግቢ ምግብ ማብሰል ነበር፤ ሶማሊኛም እዚያው ማድ ቤት ነው የለመድኩት። ከዚያ ከተማዋ እርስ በርሷ ተጣላችና በኤርፖርቱ በኩል መድፍ መጮህ ጀመረ። ፈረንጆቹ ወጡ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ግማሹ ሕዝብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ድንበር ሄደ። እኛ ጥቂት ሐበሾች 31 ሜይ በሚባል ሰፈር ባለው የአዬዮ ኸድራ ግቢ ተከራይተን ስለነበር እዚያው ቀረን። አዬዮ ማለት አያት ነው። አዬዮ ኸድራ በፊተኛው ጦርነት ሸሽተው፣ ልጃቸውን ቀብረው፣ ሲመለሱ ቤታቸውን ያለ ጣሪያ ያገኙ ሴት ናቸው። «ከእንግዲህ የምሄደው ተሸክመውኝ ነው» አሉና አልነቃነቅ አሉ። የቀረቻቸው የዚያ የሞተው ልጃቸው ልጅ ሆዳን ብቻ ነበረች፤ ስድስት ዓመቷ፣ ጥርሷ የወለቀ፣ ነገረኛ።

ከኤርፖርት ሰፈር የሸሹ ቤተሰቦችም ግቢያችንን ሞሉት። ልጆቹ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይንጫጫሉ። ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲያይ ኮቱን ለበሰና ከከሰዓቱ ስግደት፣ ከአስር ሶላት በኋላ በየቀኑ ማሳየት ጀመረ። መድፉ በትርኢቱ መሃል ሲያጓራ፣ ከበሮ መቺውን እንደሚገስጽ የባንድ መሪ ወደዚያ ዞሮ «ገና! መቼ ግባ አልኩህ?» ብሎ ይቆጣል። ልጆቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ በሦስተኛው ቀን መድፍ ሲተኮስ እነሱም አብረው ጣታቸውን እያወዛወዙ «ገና!» ይሉ ነበር።

ጉዱ የመጣው በአንድ ማክሰኞ ነው። ሆዳንን መሃል አቁሞ ከግራ ጆሮዋ ሎሚ ሊያወጣ እጁን ሲዘረጋ ኮሎኔሉ ከዳና የተደበቁት ሎሚዎች ቱር ብለው መሬት ላይ ፈሰሱ፤ አራት ናቸው። ጋሽ ዘለቀ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «አያችሁ? ይቺ ልጅ ጆሮዋ ውስጥ የሎሚ ዛፍ በቅሏል! ገና ስነካው ረገፈ! እንዴት ያለ ጆሮ ነው እባካችሁ!» አለ። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ ምላሴ ይቆረጥ። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። አዬዮ ኸድራ ግን ከበሩ ላይ ቆመው ሰምተው ነበር።

በማግስቱ ሆዳን ግራ ጆሮዋን ይዛ እያለቀሰች ነቃች። በሦስተኛው ቀን መግል ወጣው፤ ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሙሴ የሚባል ጎረቤት ድሬሰር ነበር፤ ክሊኒኩ ቢዘጋም ከመድኃኒቱ ጥቂት ጠርሙስ ቤቱ ይዟል። ጠብታና ኪኒን ይዞ መጣ፤ «ይህ የጆሮ ቁስል ነው፣ ድሮም የነበረባት ነው፤ ካልታከመ ግን ወደ ውስጥ ይሄዳል» አለ። አዬዮ በሩ ላይ ቆመው አላስገባ አሉት።

«ጠብታ ዛፍን ምን ያደርገዋል? የምታጠጣልኝ እንዲያድግ ነው?»

እኔ ገብቼ ለመንኳቸው። እጄን ያዙኝና ዓይኔን እያዩ፣ «ያንቺ ሰውዬ የልጄን ጆሮ ሲያደንቅ ማሻላህ አላለም» አሉኝ። «አደነቀ፣ ከክፉ ዓይን የሚጠብቃትን ማሻላህ ሳይል ቀረ። ከዚያ ጆሮዋ ታመመ። እኔ ሞኝ አይደለሁም፣ ልጄ።» ሞኝም አልነበሩም። በሕይወታቸው ብዙ የሚመጣ ነገር ስላዩ የሚመጣውን ሁሉ የሚፈሩ ሴት ነበሩ። ምን ልበላቸው? ማሻላህ አለማለቱ እውነት ነው፤ እኔም ተርጓሚዋ ከራሴ ጨምሬ አላልኩም።

የሰፈሩ ሼህ ተጠሩ። ሼሁ ጅጅጋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ አማርኛን እንደኛ የሚናገሩ፣ ሳቃቸውን በጢማቸው የሚደብቁ ሽማግሌ ነበሩ። ለልጅቷ ቁርኣን ቀሩላት፣ ከዚያ ለአዬዮ «መድኃኒት አላህ የፈቀደው ነው፣ አስገቢው» አሏቸው። አዬዮ በአክብሮት አዳመጡና «እሺ ሼህ፤ መጀመሪያ ግን ያስገባውን ያውጣ» አሉ። ሼሁ ወደ እኛ ወጡና ጋሽ ዘለቀን «ሲሕር ነው የሠራኸው፣ መተት?» ብለው ጠየቁት።

«ሼህ፣ እኔ ሲሕር ባውቅ ኖሮ ግድግዳ እለስን ነበር?» አላቸው።

ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ለእኔ በቂ ነው። ለሷ ግን አይበቃም። ነገ ከአስር ሶላት በኋላ ሁሉም ሰው ባለበት አሳምናት።» ይህን ብለው ሄዱ።

በነጋታው ጠዋት እኛ ሐበሾቹ መከርን። ታደሰ ወዲያው መላ አገኘ፦ «ምን ችግር አለው? ዛፉን አውጣላቸዋ! ትንሽ ቅርንጫፍ ከጆሮዋ ሳብ አድርገህ አሳያቸው፣ አለቀ!» ሁላችንም «አዎ!» አልን። እኔም አልኩ፤ አልዋሽም። ጋሽ ዘለቀ ጣት የምታህል የሎሚ ቅርንጫፍ ከነቅጠሏ ቆርጦ ሻምበሉ ኪስ ውስጥ ሸሸጋት። ጠዋቱን ሙሉ ሲለማመድ ዋለ። እንደዚያ ያማረ ነገር ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ ቅርንጫፏ አንድ ጊዜ እንኳ አልወደቀችበትም።

ከአስር በኋላ ግቢው ጢም አለ። ሼሁ ወንበር ላይ፣ ሙሴ ጠርሙሱን በእጁ ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አዬዮ ሆዳንን በጋቢ ጠቅልለው መሃል። ልጅቷ ዓይኗ ደክሟል፤ ያቺ ነገረኛ ልጅ ጋሽ ዘለቀን ስታይ እንኳ ምላሷን አላወጣችበትም። እሱ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እጁ ወደ ሻምበሉ ሄዶ ቆመ።

«ፋናዬ፣ ጠይቂልኝ» አለ። «ዛፉን ባወጣላቸው ከዚያ ምን ያደርጋሉ?»

ጠየቅኋቸው። «አልሐምዱሊላህ ብዬ ልጄን አቅፌ እተኛለኋ!» አሉ አዬዮ። «ጠብታውስ?» አልኳቸው። «ዛፉ ከወጣ ጠብታ ለምን?»

ተረጎምኩለት። ለካ እኛ ስንመክር የዋልነው ይህችን ልጅ ለመግደል ነው። ታደሰ ከኋላ «አውጣው እንጂ!» ይለዋል። ጋሽ ዘለቀ ግን እጁን ባዶውን ከኮቱ አወጣና፣ አብሬው በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ከአፉ ሰምቼ የማላውቀውን ቃል ተናገረ።

«ተሳሳትኩ» አለ። «ሎሚው ወደቀብኝ። ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ሎሚው ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ኪሴ ቀዳዳ ነው፣ ወደቀብኝ። እንዳላፍር ብዬ ዋሸሁ።»

ተረጎምኩት። እና ልጆቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሳቁ! ሳንወይኔ ተሳሳትኩ ሲል ከዚህ በላይ ምን ቀልድ አለ? አንዱማ ወደ ኤርፖርቱ ዞሮ «ገና!» አለ። ምስኪን ጋሽ ዘለቀ! ስንት ዓመት ስህተቱን ቀልድ ሲያደርግ ኖሮ ዛሬ እውነቱን ሲናገር የሚያምነው ጠፋ።

ያን ጊዜ ኮቱን አወለቀ። በሕዝብ ፊት ሲያወልቀው አይቼ አላውቅም። ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀለውና ሰባቱን ኪሶች አንድ በአንድ አራገፈ። ሎሚ፣ መሐረብ፣ የደረቀ ዳቦ፣ የልስን ማንኪያው፣ ያቺ ባለ ቅጠል ቅርንጫፍም ጭምር። ልጆቹ ሳቃቸውን አቆሙ። ሸሚዙን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠ፤ ከኋላ ሎሚው እንዴት እንደሚደበቅ እንዲያዩ። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ከታደሰ ጆሮ ሎሚ አወጣ።

«አላየሁም» አሉ ሼሁ። «ድገመው።»

ደገመው። እጁ ከልማዱ የተነሳ ሸሸገው። «አሁንም አላየሁም።» ያ የማይረባ እጅ፣ በአገር ያለ ሎሚ ሁሉ የሚወድቅበት እጅ፣ ዛሬ እንዲወድቅበት ሲፈለግ አልወድቅ አለ! ጋሽ ዘለቀ ላቡን ጠረገ። እኔ በልቤ አንተ እግዚአብሔር፣ ለዚህ ሰውዬ አንድ ስህተት ስጠው እያልኩ እለምናለሁ።

በመጨረሻ ሼሁ ተነሡ። «ለእኔ ስጠኝ» አሉ። «ሲሕር ከሆነ በእኔ እጅ እምቢ ይላል፤ የእጅ ሥራ ከሆነ እኔም እሠራዋለሁ።» ጋሽ ዘለቀ ሎሚውን በሼሁ መዳፍና አውራ ጣት መካከል አስያዛቸውና ክርናቸውን ይዞ አሳያቸው፤ ሙያውን በመላ የሰፈር ሰው ፊት ለማያውቀው ሰው ማስተማሩ ነው። ሼሁ ቢስሚላህ ብለው ወደ ታደሰ ጆሮ ዘረጉ። ሎሚው በጣታቸው መካከል ግማሽ አካሉ ወጥቶ ለሁሉም ይታያል። እሳቸው ግን በከባድ ጥንቃቄ ታደሰን ጆሮውን ይዘው «ወጣ!» አሉ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሆዳን እንኳ በደከመ ድምጿ «አየሁት! እጃቸው ውስጥ ነው!» አለች።

አዬዮ ኸድራ አልሳቁም። ተነሥተው ወደ ገመዱ ሄዱና ኮቱን እንደ ሸማ ገዢ አገላበጡት። ኮሎኔሉ ውስጥ እጃቸውን ሲከቱ ጣታቸው በታች በቀዳዳው ብቅ አለ። ያቺን ጣት ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ልጄን አምስት ቀን ያስለቀሰው ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ» አላቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ መርፌ የለህም?» አሉት። ከዚያ ዞረው ለሙሴ «ና ግባ» አሉና ሆዳንን አቅፈው ገቡ። ኮቱንም በክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ወሰዱት።

የሆዳን ትኩሳት በሦስት ቀን ለቀቃት፤ ጆሮዋ በሳምንቱ ደረቀ። ግቢው ሁሉ ተደሰተ፣ ከአንድ ሰው በስተቀር። ጋሽ ዘለቀ ልጅቷን ሲያይ ይስቃል፤ ከዚያ ሄዶ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ይቀመጣል። ልጆቹ ና አሳየን ሲሉት «ሁሉንም አይታችኋል፣ ምን ቀረ?» ይላል። መድፉም ሲጮህ የሚገስጸው ጠፋ። እኔ ነኝ የተናደድኩት፤ «ሰው ለማዳን ነው ያደረግከው፣ ምንድነው እንዲህ መሆን!» ብዬ ጮኽኩበት። «ፋናዬ፣ ሌላ ሙያ እኮ የለኝም» አለኝ። «ልስንስ?» አልኩት። «ልስን ሥራ ነው» አለኝ። ያን ቀን በጣም አዘንኩለት።

በአሥረኛው ቀን ግድም፣ ከአስር ሶላት በኋላ አዬዮ ኸድራ ኮቱን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ሰባቱ ኪሶች በሙሉ በጠንካራ ክር፣ ድርብ ድርብ ተሰፍተዋል። ልጆቹ ከየጥጉ ተሰበሰቡ። «ልበስ» አሉት። ለበሰ። «አሁን አሳይ።»

«እናቴ፣ የት እንዳለ እኮ ሁሉም ያውቃል» አለ፤ እኔ ተረጎምኩ።

«እናውቃለን። ብናውቅስ? አሳይ።» ሆዳን ዘላ መሃል ገባች፤ እሳቸው ግን በክንዷ ይዘው ከኋላቸው አደረጓትና ራሳቸው ቆሙ። ሻሻቸውን ሳይገልጡ ግራ ጆሯቸው ያለበትን በጣታቸው አሳዩት። «ከእኔ አውጣ» አሉ።

ጋሽ ዘለቀ አየኝ። እኔ ደግሞ እንባዬ መጥቶ መሬት መሬት አያለሁ። እጁን ዘረጋ። ሻሹ ሳይነካ፣ ከአየሩ ላይ እንደሚለቅም አድርጎ ሎሚውን አመጣና በጣቶቹ ጫፍ ሊያሳይ ሲል፣ አመለጠውና ወደቀ። የኪሱ ጥፋት አልነበረም። ሎሚው ከአዬዮ እግር ሥር ሄዶ ቆመ። ስም ሊያወጣለት አፉን ከፈተ፤ ምንም አልመጣለትም።

አዬዮ ኸድራ ወደ ታች አላዩም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብለው ሎሚውን በቀሚሳቸው ጫፍ ሸፈኑትና፣ ጆሯቸውን እንደገና ወደሱ አዘንብለው «ቀጥል» አሉት።

ልተረጉምለት ዞርኩ። እሱ ግን ጀምሮ ነበር።